ጥፋቱን ለጫማ ሰጠነው

ባለቤቴን የገደላቸው ጫማ አይደለም። ላሊበላ መጥታችሁ ከቤተ ማርያም ደጅ እስከ ገበያው ድረስ ብትጠይቁ ግን የምትሰሙት ይህንኑ ነው፤ «ጫማ በላቸው» ይሏችኋል። ወሬውን የጀመርነው እኛው ነን። እሳቸው ተናገሩት፣ እኔ ዝም አልኩ።

ለማልቀስ ብቻ ቢሆን ወረቀት አላነሳም ነበር። የምጽፈው በዚያ ወሬ ምክንያት አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው መሄድ ስለጀመሩ ነው። እሳቸውም እንደ ባለቤቴ ስኳር አለባቸው። እውነቱን ከተናገርኩ ሟቹን ውሸታም አደርጋለሁ፣ ራሴንም አጋልጣለሁ። ዝም ካልኩ የሽማግሌው እግር ይቆረጣል። ከፋሲካ ወዲህ ስመዝነው የኖርኩት ይህንን ነው።

ባለቤቴ ቄስ ነበሩ። ድምፃቸው ያን ያህል ያማረ አልነበረም፤ መቆም ግን ይችሉ ነበር። ሌሎቹ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያንቀላፉ እሳቸው እንደተተከለ ግንድ ቀጥ ብለው ያነጋሉ። እኔ ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ማታ ማታ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ። «ዛሬ ድንጋዩ ጨከነብኝ» ይላሉ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ወለሉ አለት ነው፤ ምንጣፍ ቢነጠፍበትም ብርዱ ከሥር ይወጣል።

ስኳሩ የተገኘባቸው ከስድስት ዓመት በፊት በፍልሰታ ጾም ነው። ውሃ ጥሙ አላስችል አላቸው። እሳቸው በእርጅና ጾሙ የከበዳቸው መሰላቸው። ከንፈራቸው ደርቆ ሲሰነጠቅ እያየሁ አላስችል ሲለኝ ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ክኒን ተሰጣቸው። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ክኒኑም ጠፍቶ ወራት አለፉ፤ ከዚያ በኋላ ነው እግራቸው መደንዘዝ የጀመረው። እኛ ግን መደንዘዝ አላልነውም።

አንድ ጠዋት ከማኅሌት ተመልሰው «ሰማሽ?» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «ድሮ ስመለስ እግሬ ይጮህብኝ ነበር። አሁን ዝም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ምንም አልተሰማኝም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

አዎ፣ አመሰገንኩ። እሳቸውም የልመናቸው ምላሽ አድርገው ቆጠሩት። ስንት ዓመት «ለመቆም አብቃኝ» ሲሉ ኖረዋል። ሕመሙ ሲጠፋ ጸጋ መስሎን ሻማ አስገባን።

በጤና ጣቢያው የስኳር ሕሙማን ቀን ማክሰኞ ነው። የምታስተምረው ነርስ ከፍላቂት የመጣች ወጣት ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ምላሷ ስለታም ነው። ባለቤቴ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከልጅነት ወዳጃቸው ከየኔታ ጋር ይቀመጣሉ። የኔታ ዜማ አስተማሪ ናቸው፤ ከባለቤቴ አንድ ዓመት ቀድሞ ስኳር ይዟቸዋል፤ በዚህም እንደ ትልቅ ወንድም ይኮሩበታል። እኔ ከኋላ ሆኜ በደብተር እጽፋለሁ፤ የአስተማሪ ልማድ ነው።

«በየማታው እግራችሁን እዩ» ትላለች ሲስተር። «ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩም፣ በጣቶቻችሁ መካከልም።»

«በጣቴ መካከል ምን ተቀብሯል ብለሽ ነው ልጄ?» አሉ የኔታ። «እኔ ሃምሳ ዓመት አላየሁትም።»

«እዩት የምልዎት ለዚህ ነው አባቴ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ቀጠለች። በባዶ እግር አትሂዱ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን። ጥፍር በምላጭ አትቁረጡ። ከእሳት ዳር እግራችሁን አትዘርጉ። ስትታጠቡ ውሃውን አስቀድማችሁ በክርናችሁ ሞክሩት፤ እግራችሁን አትመኑት። እግራችሁ ይዋሻችኋል።

ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ደብተሩ አሁን አጠገቤ ነው። «ውሃ — በክርን» የሚለውን ከሥሩ አስምሬበታለሁ። አላወቅሁም ነበር የምልበት መንገድ የለኝም።

ወልድያ ያለችው ልጃችን ሰፊ የቆዳ ጫማ ገዝታ ላከች። ባለቤቴ መጀመሪያ አፍረው ነበር። ካህናቱ በደጀ ሰላሙ ሲያዩዋቸው አልማሯቸውም፤ «ሙሽራው መጣ፣ ሚዜዎቹስ የት ቀሩ?» ይሏቸዋል። «ሚዜማ እናንተ ናችሁ፤ ጫማ ስለሌላችሁ ነው ያልጠራኋችሁ» ብለው ይመልሳሉ። ደጁ ላይ ያወልቁታል፣ ውስጥ በወፍራም ካልሲ ይቆማሉ፣ ሲወጡ ያደርጉታል። ቀስ በቀስ የኔታም አንድ ሸራ ጫማ ገዙ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለቱ ሽማግሎች አንዱ የአንዱን ጫማ እያየ ሲቀላለድ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ማታ ማታ መነጽሬን አድርጌ የባለቤቴን እግር አያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጭረት አላገኘሁም። በዚህ ኮራሁ መሰለኝ።

ከዚያ የመጨረሻው ገና ደረሰ።

የገና ሰሞን ከተማችን እግር ታጥባለች። ምእመኑ ከዋግ፣ ከጎጃም፣ ከራያ ሳምንታት ተጉዞ ይገባል፤ የደረሰበት ቤት ሰው ውሃ አሙቆ እግሩን ያጥበዋል። ይህ በእኛ ዘንድ ከማንም የምንማረው ነገር አይደለም። እናቴ ታጥብ ነበር፣ እኔም ከዐሥር ዓመቴ ጀምሮ አጥቤያለሁ። ቤታችን ከመንገዱ ዳር ስለሆነ በአንድ ቀን ሠላሳ ሰው ልናጥብ እንችላለን። ትልቁን ጎላ ድስት ደጅ ጥጄ ጨው እጨምርበታለሁ፤ በጆግ እየቀዳሁ በሳፋ አጥባለሁ።

የውሃውን ሙቀት የምለካው በክርን አልነበረም። በሰው ጩኸት ነበር። እጄ ከእሳት ጋር የኖረ እጅ ነው፤ የጋለ ድስት ያለ ጨርቅ ያወርዳል። ስለዚህ ትኩሱን እየጨመርኩ እጠይቃለሁ፤ እንግዳው ሲጮህ ቀዝቃዛ እመልስበታለሁ። የደከመ እግር ደግሞ ጠንከር ያለ ሙቀት ይወዳል። ጩኸት እስኪሰማ መጨመር፣ ሲሰማ ማብረድ፤ አርባ ምናምን ዓመት የሠራሁበት መንገድ ይህ ነው፣ ማንንም አቃጥዬ አላውቅም ነበር።

የገና ዋዜማ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደጃችን በእንግዳ ተሞልቷል። አንዲት የዋግ ሴት እግሯን ከሳፋው መንጭቃ፣ «ኧረ እናቴ! እግር ልታጥቢ ነው ወይስ ባቄላ ልትቀቅይ?» አለችኝ።

«የባቄላው ጊዜ ገና ነው፤ መልሺው ይልቅ» አልኳት፤ ቀዝቃዛ ጨመርኩላት። ደጁ በሳቅ ሞላ።

ባለቤቴ ያኔ ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ሴትየዋ የተነሳችበት በርጩማ ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡና ካልሲያቸውን አወለቁ። «እኔስ እንግዳ አይደለሁም?» አሉ።

«ከየት ነው የመጡት አባቴ?» አልኩ ለጨዋታው።

«ከሩቅ ነው። ከቤተ ማርያም።»

እንግዶቹ ሳቁ። ሌላ ጊዜ እግራቸውን ራሳቸው ናቸው የሚታጠቡት፣ በለብታ ውሃ፣ ሲስተር እንዳለችው። ያን ቀን ግን ሰው ፊት እንዳጥባቸው ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። ውሃ ቀዳሁ።

«አቃጠለዎት?»

«ኧረ ምንም አይልም። ጨምሪ።»

ጨመርኩ።

«አሁንስ?»

«ጨምሪ እንጂ ምን ትሰስቻለሽ!»

«አባታችን ጀግና ናቸው» አለ አንድ ጎጃሜ። «እኛ ከዚህ በበረደው ስንጮህ ነበር።»

እሳቸው ፈገግ አሉ። እኔም በባሌ ኮራሁና እንደገና ቀዳሁ። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ትዝ ይለኛል። ጩኸት ጠብቄ ነበር። ጩኸት አልመጣም። ሳፋው ውስጥ እግራቸውን ስፈትግ ቆዳቸው ቀላ፤ ስለፈተግሁት መሰለኝ። ከዚያ ሌሎች እንግዶች ተቀመጡ፣ ሥራ በዛ፣ ማታ መነጽሬን አድርጌ አላየሁም። በሁለት ዓመት ያላየሁባት ማታ እሷ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ካልሲያቸውን በእጃቸው ይዘው እግራቸውን ሲያገላብጡ አየኋቸው። ቀረብኩ። ሁለቱም እግር ከላይና ከጎን ውሃ ቋጥሯል፤ በቀኙ አንዱ እንደ እንቁላል ያህላል። ቆዳው ከሥሩ ነጥቷል። አላመማቸውም። ሁለታችንም የገባን እኩል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሁለታችንም ደጅ ያለውን ድስት አየን።

«ወየው» አልኩ።

«ዝም በይ፣ እንግዳ ይሰማል።»

«ጤና ጣቢያ እንሂድ። አሁኑኑ።»

«ገና ሳይቀደስ? ከዚያ በኋላ እንሄዳለን።» ካልሲውን ሳቡት። «ሰው ቢጠይቅሽ ጫማ ነው በይ።»

«ለምን እዋሻለሁ? ያቃጠልኩዎት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን እንበል? የቄስ ሚስት ባሏን ቀቀለችው ይበሉን?» ሊያስቁኝ ፈልገው ነበር። ሳልስቅ ሲቀር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጫማ ነው በይ። ጫማ አይከፋውም» አሉኝ።

ገናን በዚያ እግር ቆሙ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ የማየው የእሳቸውን ካልሲ ብቻ ነበር።

ወደ ሲስተር የሄድነው ከገና ሁለት ቀን በኋላ ነው። ቁስሉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ምን ሆነው ነው አባቴ?»

«ጫማ።»

ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጫማውን አንስታ እጇን ከትታ ዳበሰችው፤ ውስጡ አንድ ወፍራም ስፌት አገኘች። «ይኸው፣ ይሄ ነው» አለች ተቆጥታ። «ሰፊ ብቻ ሳይሆን ውስጡን በእጅ መዳሰስ አለባችሁ ብዬ አልነበረም?» ጫማው ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አላደረጋቸውም ነበር። በዚያች ስፌት ግን ሁላችንም ተስማማን። ባለቤቴ ጫማውን ደጁ ላይ ለተቀመጠ የኔ ቢጤ ሰጡት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥሬ እጽፈዋለሁ፤ ረዘም ካደረግሁት እጄ ይቆማል። ለጥምቀት የቀኙ ትንሽ ጣት ጠቆረ። ወልድያ ወሰድናቸው። መጀመሪያ ሁለት ጣት ተቆረጠ፣ ቀጥሎ ከጉልበት በታች። ሲነቁ «እግሬን የት አደረጉት?» ብለው ጠየቁኝ፣ አላውቅም አልኳቸው። ሊጠይቃቸው ለመጣ ካህን ሁሉ ያንኑ ይነግራሉ፤ «ስድሳ ዓመት በባዶ እግሬ ስሄድ ያልነካኝን በጫማ ተያዝኩ።» የኔታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቁስሉ መርዙን ወደ ደማቸው ላከ። ፋሲካን ሳያዩ አረፉ። ብቻችንን በሆንንባቸው ቀናት ስለዚያ ውሃ አንድም ጊዜ አላነሱብኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአርባው በኋላ አንድ ጠዋት የኔታን ከአሸተን ማርያም መንገድ ሲወርዱ አገኘኋቸው። መቋሚያቸውን ይዘው፣ በባዶ እግራቸው። እኔን አይተው ቆሙ፣ ነፍስ ይማር አሉ። ከኋላቸው ባለው ድንጋይ ላይ ሦስት አራት ቦታ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ።

«የኔታ፣ እግርዎ ይደማል።»

«የቱ?» አሉኝ።

የቱ አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የግራው አውራ ጣት ተሰንጥቋል። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁላቸው። «ጫማዎት የት ሄደ?» አልኩ።

«ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ለማየት ነው» አሉ። «ወንድሜን የበላ ነገር እኔን ደግሞ ይብላ? አባቶቻችን ምን ተጫምተው ነበር? ሌሎቹ የማክሰኞ ሕሙማንም አውልቀውታል።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ወሬው ግን የባለቤቴ የመጨረሻ ወሬ ነበር፤ ሰው ለቅሶ ላይ ደጋግሞ ያነሳው እሱን ነው። «በአልኮል ይታጠቡት» ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በሦስተኛው ቀን የባለቤቴን የሕክምና ካርድ ይዤ ሲስተር ጋ ሄድኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ይቅር ትለኛለች ብዬ ሳይሆን ልትቆጣኝ እንደምትችል ስለማውቅ ነው የመረጥኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«እኔ እኮ እስከዛሬ ስለ ስፌት ሳስተምር ነበር» አለችኝ። «ማክሰኞ አራት ሰው በባዶ እግሩ መጣ። ጫማ ሲባል እንደ እባብ ይሸሹኛል። ምን እንደነካቸው አላወቅሁም ነበር።» ከዚያ መስኮቱን አየች። «እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም። እርስዎ ይንገሯቸው።»

ነገርኳቸው። ለሃያ ሰባት ዓመት ክፍል ፊት የቆምኩ ሴት በዚያ ማክሰኞ አግዳሚ ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። ጫማ እንዳልሆነ፣ ውሃ እንደሆነ፣ ያፈሰስኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ተርታውን አበላሽቼ ነው የተናገርኩት፤ ስለ ደብተሩም ስለ ጎጃሜውም ቀላቀልኩ። ስጨርስ አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች።

የኔታ ተነሱ። «እሱ ውሸት ከአፉ ወጥቶ አያውቅም» አሉ። «አልጋው ላይ ሆኖ ነግሮኛል። አሁን መልስ የለውም ብለሽ ነው?»

«የኔታ፣ ለእኔ ብለው ነው።»

«ካህን በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ለሚስቱ ብሎ ይዋሻል?»

አዎ፣ ይዋሻል። እሳቸው ግን መልሴን ሳይጠብቁ ወጡ። በባዶ እግራቸው ግቢውን አቋርጠው ሲሄዱ ሁላችንም በመስኮት አየን።

ክረምቱ ገባ። ካህናቱ ሰላምታቸውን አሳጠሩብኝ። አንዳንዱ ባሌን በማቃጠሌ፣ አንዳንዱ ደግሞ በማዋረዴ መሰለኝ፤ ለይቼ አልጠየቅሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝናቡ እንዳባራ የኔታ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እግራቸው ጭቃ ብቻ ነው።

«አልገባም» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ሰው እግሩ ሲቃጠል እንዴት ሳያውቅ ይቀራል? ይሄ ነው አልዋጥልህ ያለኝ። ሕፃን እንኳ ያውቃል።»

በርጩማ አወጣሁላቸው። ሁለት ሳፋ አመጣሁ፤ በአንዱ ከጄሪካን የክረምት ውሃ ጨመርኩ፣ በሌላው ለሕፃን ገላ የሚሆን ለብታ፤ ይህን ጊዜ በክርኔ ሞክሬ። ዓይንዎን ይጨፍኑ አልኳቸው። አንዱን እግር በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው አስገባሁ።

«የትኛው ነው የሞቀው?»

ቆዩ። ግንባራቸው ተጨማደደ፤ ከተማሪ ዜማ ውስጥ ስሕተት ሲፈልጉ እንደዚህ ናቸው። «ሁለቱም አንድ ነው» አሉ። «እየቀለድሽብኝ ነው።»

«እጅዎን ያስገቡ።»

እጃቸውን በአንዱ ከተቱ፣ ከዚያ በሌላው። ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸውን እንደገና ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወሩ። ስለ ባለቤቴ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር፣ እሳቸው ግን፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንኩት?» አሉኝ። እኔን ሳይሆን እግራቸውን የጠየቁት ይመስላል።

አጥቤ አደረቅሁላቸው። በግራው አውራ ጣት ያለው ስንጥቅ አልዳነም፣ ጠርዙ ነጥቷል፣ ትንሽ ይሸታል። ይህን ስነግራቸው «እኔ አልሸተተኝም» አሉ። ሲስተር ጋ አሁኑኑ መሄድ አለብን አልኩ። ለእሳቸው እግር የሚሆን ጫማ በቤቴ አልነበረም፤ የእኔ ነጠላ ጫማ ተረከዛቸውን እንኳ አልያዘም። በባለቤቴ አሮጌ ነጭ ጋቢ እግራቸውን ጠቀለልኩላቸውና ተነሳን።

ቁልቁለቱ በዝናብ ታጥቦ ጠጠሩ ሁሉ ወጥቷል። ከፊታቸው ሆኜ ሄድኩ። ድንጋይ ስል ይቆማሉ፣ በቀኝ ስል በቀኝ ይረግጣሉ። መንገዱ አጋማሽ ላይ «እሱ ግን ለምን ለእኔ አልነገረኝም?» አሉ። «ጠርሙስ አለ፣ ወደ ግራ ይበሉ» አልኳቸው።